ሞተሩ ተይዞ ሲቆም ስንት አምፔር ይስባል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፤

ስለ ወጣቶች የፈጠራ ሥራ በምታወጡት ዓምድ እርስ በርስ የሚጋጠሙ ትንንሽ ሮቦቶች መነሣታቸው አስደስቶኛል። ጽሑፉ ልጆቹን አመስግኖ ችግራቸው የዕቃ እጥረት ነው ብሎ ያበቃል። ዕቃ እንደ ልብ አለመገኘቱ እውነት ነው። እኔ ጋ የሚመጣው የተቃጠለ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና ያበጠ ባትሪ የሚነግረኝ ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ያቺኑ ጥቂት ገንዘባቸውን የሚያወጡት እርስ በርሳቸው በማይመጣጠኑ ዕቃዎች ላይ ነው። ሞተሩ ከአንድ ሱቅ ይገዛል፣ ለሞተሩ የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነው መቆጣጠሪያ ከሌላ፣ ባትሪውን ዱባይ ያለ ዘመድ ይልካል። ሦስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኙት ሮቦቱ ውስጥ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከመገዛታቸው በፊት አብረው መመረጥ እንዳለባቸውና ምርጫው ከየት እንደሚጀመር ለማስረዳት ነው።

ሥራዬ እዚሁ ኮምቦልቻ የተቃጠለ ሞተር ሽቦውን አውጥቼ እንደ አዲስ መጠቅለል ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ላይ ሠርቻለሁ። ልጆቹ ጋሼ እያሉ ይመጣሉ፤ ከቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የሚመጡ አሉ፣ የሐረጎን ዳገት ወርደው ከደሴ የሚመጡም አሉ።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። ማርክ ቶርፕ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1994 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ውድድር ካዘጋጀ ወዲህ ሮቦት ማጋጠም በብዙ አገር ተስፋፍቷል። ትልልቆቹ 113 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ትንንሾቹ እንደየአገሩ 150 ግራም፣ 454 ግራም፣ 1.36 ኪሎ ወይም 1.5 ኪሎ ናቸው። የእኛ ልጆች የያዙት የ1.5 ኪሎውን ነው፤ ደግ መርጠዋል። በዚህ ክብደት ዕቃው በኪስ ይገባል፣ ሒሳቡ ግን የትልቁ ሞተር ሒሳብ ነው። አንዲት እናት ሱቄ ድረስ መጥተው «ልጄን ጠብ ታስተምረዋለህ?» ብለው ወቅሰውኛል። ያልኳቸውን እዚህም እደግመዋለሁ፦ እትዬ፣ ልጅዎ ክፍል ውስጥ በቃሉ የሸመደደውን የኦም ሕግ እዚህ በእጁ እየዳሰሰው ነው።

ከሞተር በፊት ሚዛን ያስፈልጋል። 1.5 ኪሎ ሲባል ብሎኑም ሽቦውም ተቆጥሮ ነው። ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምሰጠው ድልድል ይህ ነው፦ ባላጋራውን የሚመታው የሚሽከረከር መሣሪያ ከነሞተሩ እስከ 450 ግራም፣ የጎማ ሞተሮቹ ከነጎማቸው እስከ 300፣ ባትሪው እስከ 120፣ መቆጣጠሪያዎቹና ከሪሞቱ ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨር ከነሽቦው እስከ 100። የቀረው 530 ግራም የአካሉ ነው። ይህን ወረቀት ላይ ያላሰፈረ ልጅ ሱቅ ባይሄድ እመርጣለሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሞተር ስትገዙ ሻጩ ሁለት ቁጥር ይነግራችኋል፤ የሚሠራበትን ቮልትና በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር። የቀሩትን ዕቃዎች የሚወስነው ግን ሻጩ የማይነግራችሁ ቁጥር ነው፦ ሞተሩ ኤሌክትሪክ እየገባበት ዘንጉ ተይዞ ሲቆም ስንት አምፔር ይስባል? ያለ ሸክም ሲዞር ግማሽ አምፔር እንኳ የማይስብ ሞተር ተይዞ ሲቆም ስድስት ሰባት አምፔር ሊጎትት ይችላል። ምክንያቱም የሚዞር ሞተር ራሱ ዲናሞ ነው። እየዞረ የሚያመነጨው ቮልቴጅ የባትሪውን ቮልቴጅ እየተቃወመ ወደ ውስጥ የሚገባውን ያሳንሰዋል። ዘንጉ ሲቆም ያ ተቃውሞ የለም፤ የሚቀረው የጥቅሉ ሽቦ ሬዚስታንስ ብቻ ነው። ሽቦው ሁለት ኦም ከሆነ በ12 ቮልት ስድስት አምፔር ይስባል ማለት ነው። የሚጋጠም ሮቦት ደግሞ መቆም ዕጣው ነው። ከግድግዳ ይጋጫል፣ ከባላጋራው ጋር ግንባር ለግንባር ይገፋፋል፣ ጎማው ላይ ብረት ይሰነቀርበታል። ሞተሩ ያለ ሸክም የሚስበውን አይቶ መቆጣጠሪያ የገዛ ልጅ ሮቦቱ በመጀመሪያው ግፊያ ይቃጠልበታል።

ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ከሌለ ራሳችሁ ለኩት፤ ቀላል ነው። አንድ የሊቲየም ሴል፣ አንድ ሞርሳና ሁለት ቴስተር ይበቃል። አንዱን ቴስተር በ10 አምፔሩ ቀዳዳ አድርጋችሁ ከሞተሩ ጋር በተከታታይ አስገቡት፣ ሁለተኛውን ለቮልት ሞተሩ ጫፎች ላይ አድርጉት። ዘንጉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞርሳው ላይ ያዙት። አንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ አብሩ፣ ሁለቱንም ቁጥር አንብቡ፣ አጥፉ። በ4 ቮልት 2 አምፔር ከሳበ በ12 ቮልት 6 አምፔር ይስባል፤ ከቮልቱ እኩል ነው የሚያድገው። በአንድ ሴል ብቻ መለካቱ ለማርሹም ይጠቅመዋል፤ ሙሉውን 12 ቮልት ከሰጣችሁት የትንንሾቹ ማርሾች ጥርስ ሊረግፍ ይችላል።

ይህን ለክቼ ያሳየሁት አንድ ከደሴ የመጣ ልጅ ትዝ ይለኛል። ኤል 298 የምትባለውን ቀይ የሞተር መቆጣጠሪያ ሰሌዳ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ መጣ። አርዱዊኖ ከሚባለው ፕሮግራም ተቀባይ ትንሽ ሰሌዳ ጋር የምትሸጠው፣ ጥቁር የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣና ሰማያዊ የሽቦ ማሰሪያ ያላት ሰሌዳ ናት። ከማቀዝቀዣው ጋር የታሰረው ጥቁር ቺፕ ፊቱ ላይ ተሰንጥቋል፤ ሽታው ከወረቀቱ አልለቀቀም። «ጋሼ፣ ፎርጅድ ሸጡልኝ» አለኝ። ሞተሮቹን ለካናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሲቆሙ ከስድስት አምፔር በላይ ይስባሉ። ሰሌዳዋ ደግሞ የተሠራችው በአንድ ሞተር ለሁለት አምፔር ነው። በዚያ ላይ ሁለቱን አምፔር ስታሳልፍ ራሷ ብዙ ቮልት ታባክናለች፤ ከገባው 12 ቮልት ሞተሩ ጋ የሚደርሰው ወደ 8 ወይም 9 ሊወርድ ይችላል፤ የቀረው ማቀዝቀዣው ላይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሰሌዳዋ ለመስመር ተከታይ መጫወቻና ለክፍል ልምምድ ጥሩ ናት። ለግጥሚያ ግን አትሆንም። ሻጩም አላታለለውም፤ የትኛው ሞተር ላይ እንደሚገጥማት አልጠየቀውም እንጂ።

ልጁ የተጠቀመበት ሞተርም ከሚያስፈልገው በላይ ነበር። የጎማ ሞተር ምን ያህል ጉልበት ይበቃዋል የሚለው በግምት የሚያዝ አይደለም። 1.5 ኪሎ ሮቦት መሬቱን የሚጫነው በ15 ኒውተን ገደማ ነው። ጥሩ ጎማ ሳይንሸራተት ሊገፋ የሚችለው ቢበዛ ያንኑ ያህል ነው፤ በሁለት ጎማ ሲካፈል ለያንዳንዱ 7.5 ኒውተን። ጎማው ከዳር እስከ ዳር 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 2.5 ሴንቲ ነውና ዘንጉ ላይ የሚያስፈልገው 0.19 ኒውተን ሜትር፣ ሻጮች በሚጽፉት አጻጻፍ 1.9 ኪሎ ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ተይዞ ሲቆም ወደ 4 ኪሎ ሴንቲ ሜትር የሚያወጣ ባለማርሽ ሞተር ከያዛችሁ፣ ግድግዳ ላይ ብትገፉትም ጎማው ይንሸራተታል እንጂ ሞተሩ አይቆምም። ሞተሩ ከግማሽ ጉልበቱ ሳያልፍ ጎማው ስለሚለቅ የሚስበውም ከግማሽ ብዙ አያልፍም። ጎማው ራሱ ፊውዝ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ሞተር ክብደት ነው፤ ከዚያ በታች የሆነው ደግሞ ይቃጠላል።

ፍጥነቱም እንዲሁ ይሰላል። ባለ 5 ሴንቲው ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 15.7 ሴንቲ ይሄዳል። በደቂቃ 1000 ጊዜ ቢዞር በሰከንድ 2.6 ሜትር ነው፤ ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ያለውን የመጋጠሚያ ሣጥን በአንድ ሰከንድ ያቋርጣል። ልጆቹ ግን በደቂቃ 3000 የሚዞር ካላገኘን ይላሉ። ሐረጎን በአምስተኛ ማርሽ ልውጣ እንደሚል ሾፌር ነው፤ ፍጥነቱን ወስዶ ጉልበቱን ይጥላል፣ ሞተሩም ግጥሚያውን በሙሉ ሊቆም ጥቂት ሲቀረው ይሠራል፣ ይግላል።

መቆጣጠሪያውን ከዚህ በኋላ መምረጥ አያስቸግርም። ካርቦን ላላቸው፣ ማለትም ተራ ባለ ሁለት ሽቦ ለሆኑት የጎማ ሞተሮች፣ ያለማቋረጥ የሚሸከመው አምፔር ሞተሩ ሲቆም ከሚስበው እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ለጥቂት ሰከንድ ይችላል ተብሎ በትልቁ የሚጻፈውን ቁጥር አትመኑ። ወደ ኋላም መሄድ መቻሉን አረጋግጡ። የድሮን መቆጣጠሪያ ርካሽና ቀላል ስለሆነ ብዙዎች ይገዙታል፤ እሱ ግን የሚሠራው ካርቦን ለሌለው፣ ብራሽለስ ለሚባለው ባለ ሦስት ሽቦ ሞተር ነው፣ ከፋብሪካ ሲወጣም ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያዞረው። በሁለቱም አቅጣጫ እንዲያዞር ፕሮግራሙ መቀየር አለበት። አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ መቆጣጠሪያ ለሪሲቨሩ 5 ቮልት ይሰጣል። ሁለት ሦስት መቆጣጠሪያ ካላችሁ የአንዱን ቀይ ሽቦ ብቻ አስቀሩ፣ የሌሎቹን ከሶኬቱ መዛችሁ በቴፕ ሸፍኑ። ሁሉም ባንድ ላይ ሪሲቨሩን ሲመግቡት እርስ በርስ ይጎዳዳሉ።

መሣሪያውን ለሚያሽከረክረው ብራሽለስን እመርጣለሁ፤ ከካርቦኑ ጋር በክብደት እኩል ሲሆኑ እጅግ ብዙ ጉልበት ያወጣል። ካርቶኑ ላይ ኬቪ ተብሎ የሚጻፈው በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት እንደሚዞር ነው። 1000 ኬቪ ሞተር በ11.1 ቮልት ያለ ሸክም 11,100 ይዞራል። ከፍ ያለ ኬቪ የተሻለ ሞተር ማለት አይደለም፤ ኬቪ ሲጨምር ለአንድ አምፔር የሚገኘው የመጠምዘዝ ጉልበት ይቀንሳል። ወላጆችና አስተማሪዎች ይህን ሒሳብ በደንብ እንዲያዩት እፈልጋለሁ፦ 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 200 ግራም ክብደት ያለው የብረት ዘንግ በደቂቃ 6000 ሲዞር 74 ጁል ይይዛል። አንድ ኪሎ ዕቃ ከሰባት ሜትር ተኩል ከፍታ ሲወድቅ የሚኖረው ኃይል ነው። ጫፉ የሚጓዘው በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ኃይሉ አራት እጥፍ፣ ወደ 300 ጁል ይሆናል። ለዚህ ነው ለጀማሪ 6000 ይበቃል የምለው። ኃይሉ ይበቃዋል፣ መሣሪያው ተመቶ ከቆመ በኋላም ቶሎ ወደ ፍጥነቱ ይመለሳል።

አሁን ባትሪ። ብዙ ጊዜ የማያቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው የሞተር ሳይክል ባትሪ ነው፤ ባለ 12 ቮልት 5 አምፔር ሰዓቱ የእርሳስ ባትሪ ወደ ሁለት ኪሎ ስለሚጠጋ ብቻውን ከሮቦቱ ይከብዳል፤ አበቃ። ሁለተኛው ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሴል ነው። ለመብራትና ለፓወር ባንክ ግሩም ነው፤ 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ስላለው ልጆቹ ብዙ ነው ብለው ይደሰታሉ። ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው አራት አምፔር ገደማ ነው። ሃያ አምፔር ሲጠየቅ ቮልቱ ይወድቃል፣ ሪሲቨሩ ይጠፋል፣ ሮቦቱ መሐል ሜዳ ቆሞ ይቀራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የሚሆነው ሊፖ የሚባለው የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ነው። ሦስት ሴል፣ በስሙ 11.1 ቮልት፣ ሲሞላ 12.6። ግጥሚያ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። በአማካይ 10 አምፔር ቢሳብ 0.5 አምፔር ሰዓት ያልቃል፤ ባትሪ እስከ መጨረሻው ስለማይሟጠጥ 850 ወይም 1000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ባትሪው በአንድ ጊዜ የመጠኑን ስንት እጥፍ አምፔር እንደሚሰጥ የሚነግረውን የሲ ቁጥር ተመልከቱ። 1000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሲባዛ በ60 ሲ፣ 60 አምፔር ይሆናል፤ እኔ ግን በርካሽ ባትሪ ላይ የተጻፈውን ሲ በግማሽ ነው የምቆጥረው። ሁለቱ የጎማ ሞተሮች ሲቆሙ 12፣ መሣሪያው ሲነሣ 20፣ ድምሩ 32 አምፔር ቢሆን፣ በግማሽ የተቆጠረው 60 ሲ ባትሪ 30 ይሰጣል። ሁሉም በአንድ ሰከንድ ከፍተኛውን አይስቡምና ይበቃል። 25 ሲ የሚለውን ግን እዚያው ሱቁ ላይ ተዉት።

ሊፖ ጨዋታ አያውቅም። እያንዳንዱን ሴል ለየብቻው እያመጣጠነ በሚሞላ ቻርጀር ብቻ ይሞላ፤ አንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት አይለፍ፣ በሥራ ላይ ከ3.3 አይውረድ። ለሳምንት የሚቀመጥ ከሆነ በ3.8 ይቀመጥ። ያበጠ ባትሪ ይወገድ፤ አይወጋ፣ አይጨመቅ። ሲሞላ ሰው አጠገቡ ይኑር፣ ባልዲ አሸዋም ይኑር፤ ሌሊት ተኝቶ መሙላት የለም። በአውሮፕላን ከዘመድ የምታስመጡ ደግሞ አደራ በሉት፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ ጫፎቹም በቴፕ ይሸፈኑ። የጠቀስኩት ባትሪ 11 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከ100 ዋት ሰዓቱ ወሰን በጣም ይርቃል።

ስለ አገራችን አየር ማንም ሲያነሣ አልሰማሁም፣ እኔ ላንሣው። ፋብሪካ ሳለን የሞተር ጉልበት በመለያው ላይ የሚጻፈው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ ሲኬድ መቀነስ እንዳለበት እናውቅ ነበር። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2500 አካባቢ። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የሚወስደውም ያንሳል፤ ትንሹም ሞተር ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ የጦሳ ተራራ ብርድ በባትሪው ላይ ይመጣል። የቀዘቀዘ ሊፖ ሸክም ሲበዛበት ቮልቱ ከወትሮው ይበልጥ ይወርዳል። ደሴ ላይ የምትጋጠሙ ባትሪውን ቤት ውስጥ አሳድሩት፣ ሜዳው ላይም ከግጥሚያው ጥቂት ቀደም ብላችሁ ብቻ አውጡት። በሁለቱ ግጥሚያዎች መካከል ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት፤ ጣት ማሳረፍ ካቃተ ሌላ ዙር አይገባም።

እንግዲህ ግጥሚያ የምታዘጋጁ አስተማሪዎች ሆይ፣ ከእናንተ የምለምነው ይህ ነው። ሮቦት ሜዳ ከመግባቱ በፊት ከሚዛኑ ጋር ሦስት ነገር ይፈተሽ። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ፣ መሣሪያው ተቆልፎ ሪሞቱ ሲጠፋ ሁሉም ሞተር መቆም አለበት፤ ካልቆመ አይጋጠም። ባትሪውን ከሌላው የሚለይ፣ ከውጭ በእጅ የሚነቀል ማያያዣ ይኑረው። መሣሪያው ሜዳ እስኪገባ ድረስ በፒን ተቆልፎ ይቆይ። የሜዳው ግድግዳ የመስኮት መስታወት አይሁን፤ ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ይሁን፣ ከላይም ይከደን። 74 ጁሉን አስታውሱ፤ ዙሪያውን የሚቆሙት ልጆች ናቸው።

ለሻጮችም ትንሽ ጥያቄ አለኝ። ከምትሸጡት ከያንዳንዱ ዓይነት አንዱን ሞተር አውጥታችሁ ተይዞ ሲቆም የሚስበውን በላይኛው መንገድ ለኩና ቁጥሩን በእስክሪብቶ ካርቶኑ ላይ ጻፉበት። ሌላ ወጪ የለውም። ልጁ ያን ቁጥር ይዞ መቆጣጠሪያውንም ባትሪውንም ከእናንተው ይገዛል፤ የተቃጠለ ሰሌዳ ይዞም አይመለስባችሁም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ዓምዳችሁ በሚቀጥለው ስለነዚህ ልጆች ሲጽፍ የሮቦቱን ፎቶ ብቻ ሳይሆን የአምፔር ድልድሉንም ቢያወጣ፣ ሰቆጣም ሆነ ወልዲያ ያለ ልጅ ከሱ ተነሥቶ መሥራት ይችላል። ኮምቦልቻና ደሴ ያሉት ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ክፍት ነው፤ ሞርሳውም ሁለቱም ቴስተሮች አሉ፣ ልኬቱ በነጻ ነው። ሞተሩን ከነማርሹ ያምጡት። ባትሪ የሚያመጣ በ3.8 ቮልት አድርጎ፣ ጫፎቹን በቴፕ ሸፍኖ ያምጣው።

ከአክብሮት ጋር፣
ሞተር ጠቃላዩ፣ ከኮምቦልቻ